ሚሌ ያልቻለውን ወይብ ቻለው

ወሎ ውስጥ፣ ቢስቲማ ላይ ወንዝ ማለት በዓይን የሚከተሉት ነገር ነው። ሚሌ ሸለቆውን ይቆፍራል፣ በክረምት ድንጋይ ያንከባልላል፤ ተራራ ውስጥ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ግን አይወጣም። አገሩ የጥቁር ድንጋይ አገር ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የቀዘቀዘ ባዛልት። ሎሚ ቢያንጠባጥቡበት ዝም ይላል። የኖራ ድንጋይ ፋቅ ፋቅ አድርገው ዱቄቱ ላይ ያንኑ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉ ግን አረፋ ያወጣል።

ምስጢሩ እዚያ አረፋ ላይ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲሰርግ በጣም የቀጠነ ሎሚ ይሆናል። በስንጥቁ ገብቶ የኖራ ድንጋዩን ሺህ ዓመታትን እየቆጠረ ያሟሟዋል፤ ስንጥቁ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው መተላለፊያ እየሆነ ይሄዳል። በኋላ ወንዝ ያገኘዋል።

ይህን ማየት የፈለገ ባሌ ይውረድ። ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ፣ ከባሌ ተራሮች የሚነሳው ወይብ ገደል ለገደል መጥቶ ሶፍ ዑመር ዋሻ ላይ መሬት ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1972 እንግሊዛውያን አሳሾች የለኩት የዋሻው መተላለፊያ ሲደመር 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአገራችን ከታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ። ውስጡ እንደ ድሮ ከተማ ጠባብ ሰፈር ነው፤ አንዱ መንገድ ሌላውን እየቆረጠ ያምታታል። ውኃው የተከተለው የድንጋዩን ስንጥቆች ስለሆነ ነው እንዲህ የሆነው።

የዓምዶቹ አዳራሽ የሚባለው ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እነዚያ ግዙፍ ዓምዶች ከጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ የተገነቡ ይመስሉታል። አይደሉም፤ ዙሪያቸው ሟሙቶ ሲሄድ የቀረ ድንጋይ ናቸው። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ ጣሪያው ነው፤ ሰው በውኃ ልክ ያስተካከለው ይመስል ለጥ ብሏል።

ስሙ የሼኽ ሶፍ ዑመር ነው፤ ዋሻው ውስጥ ተጠልለው ይኖሩና ያስተምሩ ነበር ይባላል። ወሎ ውስጥ ዱዓ ላይ የባሌውን ሼኽ ሑሴን፣ የኑር ሑሴንን ስም ሲጠራ ያደገ ሰው ባሌን ሳያየው ያውቀዋል፤ ወደ እሳቸው መቃብር፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የሚሄዱ ተጓዦችም በዚህ ያልፋሉ።

ሰው የሚገባው በበጋ ነው፤ ወይብን ደጋግሞ መሻገር አለና። ዋሻው አፍ ላይ ሰማዩ ጥርት ቢልም አይበቃም። ባሌ ተራራ ላይ የዘነበው ዘግይቶ ይደርሳል።