ስለ አንድ ቀጭን ሽቦ የተደረገ ረጅም ሙግት

ስልክና ቴሌቪዥን ወደየቤታችን የሚደርሱት የሌላውን ሰው ይዞታ እየተሻገሩ ነው። ምሰሶው ካንዱ ደጅ ይተከላል፤ ሽቦውም በሌላው ጣራ ላይ ያልፋል። በካርቱም ከተማ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው ቡሪ ቀድሞ ራሱን የቻለ መንደር ነበረ፤ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን የቴሌኮሙኒኬሽን ረጅም ሕንፃ ተሠርቶበታል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የሕዝብ ጥቅም ሲመጣ የባለቤቱ መብት እስከ ምን ድረስ ነው? ይህ ነገር በኒውዮርክ ከተማ እስከ መጨረሻው ዳኛ ድረስ ስለ ደረሰ፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ወይዘሮ ጂን ሎሬቶ በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባለ አምስት ፎቅ የኪራይ ቤት ገዙ። ቤቱን ከተረከቡም በኋላ፥ ቴሌፕሮምፕተር የተባለው ኩባንያ በጣራው ላይ የቴሌቪዥን ሽቦ ዘርግቶ፥ ሁለት ሣጥኖችም አኑሮ አገኙ። ኩባንያው ፈቃዱን ከቀድሞው ባለቤት የተቀበለው በ50 ዶላር ነበር። ሽቦውም በመጀመሪያ የሚያገለግለው ጎረቤቶችን እንጂ የወይዘሮዋን ተከራዮች አልነበረም። በ1973 የጸናው የኒውዮርክ ሕግ ደግሞ ባለቤቱ ሽቦውን እንዳይከለክል አዘዘ፤ ጉዳዩን የሚመለከተው ኮሚሽንም ለባለቤቱ 1 ዶላር ይበቃል ሲል ወሰነ።

ወይዘሮ ሎሬቶ በ1976 ክስ መሠረቱ። የኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች የሕዝቡን ጥቅም ተመልክተው ፈረዱባቸው፤ እርሳቸው ግን ይግባኝ አሉ። ሰኔ 30 ቀን 1982፥ ይኸውም በአውሮፓውያኑ ሰኔ፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል፥ በሰው ንብረት ላይ ዘወትር ተተክሎ የሚኖር ነገር፥ ስፋቱ ምንም ያህል ቢያንስ፥ ንብረትን እንደ መውሰድ ይቆጠራልና ካሣ ይገባዋል አሉ። የካሣው ልክ ግን ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ፤ በ1983ም የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይወስን አለ።

እንግዲህ ወይዘሮዋ ስንት ዓመት ደክመው ያገኙት ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ጥቅም መንገድ ይከፍታል እንጂ የባለቤቱን መብት አይሰርዝም ማለት ነው።

በኢትዮጵያም በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ባለርስትነት ቀርቷል። ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፥ በአንቀጽ 40፥ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት በሚወስድበት ጊዜ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል።

አባቶቻችን መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ሲል ያሉበት ይቆሙ ነበር። ምሰሶ የሚተክለው ሠራተኛና የሚያዘው ሹምም መቆፈሪያውን ከማንሣታቸው በፊት በባለቤቱ ደጅ ቆመው ቢጠይቁ፥ ብዙው ሙግት ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይቀራል።