ረዳትና ተለማማጅ፦ ማስተማር ለባለጋራዡ ምን ያስገኝለታል?

አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። «አሥራ አራት ቁልፍ አምጣ!» «ናፍጣ ጨምርበት!» «መብራቱን ወዲህ ያዝልኝ እንጂ!» ይህ ሁሉ ትእዛዝ የሚወርድበት ልጅ ረዳት ይባላል። ጠዋት በር ይከፍታል፤ የወረደ ሞተር ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፤ ማታ ቁልፎቹን ቆጥሮ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሙያውን ቁጭ ብሎ የሚያስተምረው የለም፤ በዐይኑ ይሰርቃል። አንዳንዱ መካኒክማ ዋናዋ ነገር ላይ ሲደርስ «ሂድ ሻይ ይዘህ ና» ብሎ ይልከዋል። ልጁ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ የሰረቃትን ይዞ ትንሽ ወደጨመረለት ጋራዥ ይሄዳል። ባለጋራዡም «የዘንድሮ ልጅ እምነት የለውም፤ ባለሙያ የሚባል ጠፍቷል» እያለ ያማርራል።

ባለጋራዡ ግን ያን ሁሉ ዓመት ልጁን አሠራው እንጂ አላስተማረውም። ረዳትና ተለማማጅ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቱታ ለብሰው ግሪስ በግሪስ ሆነዋል። የሚለያዩት በውላቸው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ልምምድ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በዚህ ውል አሠሪው ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሙያ የተሟላና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ሊሰጥ፣ ሠልጣኙም መመሪያ ተቀብሎ ሊማርና ሊሠራ ይስማማሉ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በዚያ ወቅት የሚከፈለው ክፍያና የሥራው ሁኔታ ይገለጽበታል። ዕድሜው 15 ዓመት ካልሞላ ልጅ ጋር መዋዋል አይቻልም። አሠሪው ተለማማጁን ከሚማረው ሙያ ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራትም አይፈቀድለትም፤ የሻዩ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ነው። ሲጨርስ ደግሞ የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

«ታዲያ እኔ ምን አገኛለሁ?» ይላል አሠሪው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ወራት ኪሳራ ናቸው፤ ይህን ደብቆ ስለ ልምምድ ጥቅም የሚያወራውን አትመኑት። ተለማማጅ ዕቃ ያበላሻል። ከዕቃው ይልቅ ውድ የሆነው ግን የዋናው ባለሙያ ሰዓት ነው፤ የፍሬን ሸራ በአንድ ሰዓት የሚቀይር መካኒክ እያሳየ ሲሠራ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ለምሳሌ ያህል መካኒኩ በወር 15,000 ብር፣ ተለማማጁ 5,000 ብር ይከፈላቸዋል እንበል። ተለማማጁ የመካኒኩን ሥራ ሩብ ያህል ብቻ ሲሠራ የሥራው ዋጋ 3,750 ብር ነው፤ አሠሪው በየወሩ 1,250 ብር ከኪሱ ይጨምራል፣ የማስተማሪያው ሰዓት ሳይቆጠር። ግማሹን መሥራት ሲጀምር ዋጋው 7,500 ይሆናል፤ አሁን 2,500 ብር ይተርፋል። ስለዚህ ወሳኙ ጉዳይ ልጁ ከሩብ ወደ ግማሽ በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው በአሠሪው እጅ ነው፤ በናፍጣ ዕቃ ሲያጥብ የከረመ ልጅ በሁለተኛውም ዓመት እዚያው ሩብ ላይ ነው።

ይህን ሒሳብ በደንብ ያሰሉት ጀርመንና ስዊዘርላንድ ናቸው። በጀርመን ተለማማጁ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሙያ ትምህርት ቤት ይውላል፤ የቀረውን ቀን ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሥልጠናው እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይወስዳል፤ ክፍያው በየዓመቱ ያድጋል፤ መጨረሻ ላይ የሚፈትነው አሠሪው ሳይሆን የንግድና ኢንዱስትሪ ወይም የዕደ ጥበብ ምክር ቤቱ ነው። በስዊዘርላንድ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ተመራማሪዎች ሁለቱን አገሮች ሲያነጻጽሩ፣ የስዊዘርላንድ አሠሪ በአማካይ ሥልጠናው ሳያልቅ ወጪውን መልሶ ሲያተርፍ፣ የጀርመኑ ደግሞ ሥልጠናው ሲያልቅም ገና ዕዳ ላይ ሆኖ አገኙት። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ የስዊዘርላንዱ ተለማማጅ ደንበኛ የሚከፍልበትን እውነተኛ ሥራ ቶሎ ይይዛል፣ የጀርመኑ ግን ከመለማመጃ ሥራ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ጀርመኖቹ ታዲያ ለምን ይቀጥላሉ? በዚያ ላይ የአገሩ ሕግ ተለማማጁን «ስትጨርስ እኔ ጋ ትቆያለህ» ብሎ ገና ከጅምሩ በውል ማሰርን አይፈቅድም። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሙያው በማንኛውም ድርጅት የሚሠራ ከሆነ የሥልጠናውን ወጪ የሚሸከመው ዝቅተኛ ደመወዝ በመቀበል ሠልጣኙ ራሱ ነው ብሎ ነበር። ዳሮን አሴሞግሉና ዮርን-ስቴፈን ፒሽከ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመንን ሁኔታ ተመልክተው አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ያሠለጠነ አሠሪ ሌላ አሠሪ የማያውቀውን ያውቃል። ማን ሰዓት ያከብራል? ማን ያበላሸውን ደብቆ ይገጥማል? ማን ደንበኛ ፊት ምላሱን ይይዛል? ይህ በሲቪ ላይ አይጻፍም። የእኛ አዋጅ ለአዲስ ተቀጣሪ የሚፈቅደው የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። ስልሳ ቀን ደግሞ ማንም ሰው ጨዋ መስሎ መክረም ይችላል። ሁለት ዓመት አብሮ የሠራ ልጅ ግን አመሉ ተደብቆ አይቀርም።

እኔ ከሁሉ የሚበልጠው የሚመስለኝ ጥቅም ሒሳብ ውስጥ የማይገባው ነው። በብዙ ጋራዥ የናፍጣ ፓምፕ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ የታመመ ዕለት መኪናዎቹ ይቆማሉ፤ እሱ የሄደ ዕለት ደንበኞቹም ተከትለውት ይሄዳሉ። ያ ሰው ተለማማጅ ሲሰጠው በእጁ የሚያውቀውን በአፉ ለማስረዳት ይገደዳል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አጠገቡ ሲቆም፣ በልማድ ብቻ ይሠራው የነበረውን እሱም እንደገና ያስብበታል። ሙያዋ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጥታ የቤቱ ትሆናለች። መካኒኩ ይህን የሚያደርገው ግን ስጋቱ ሲወገድለት ነው፤ ሻይ የሚልከው ከክፋት ሳይሆን «ነገ በርካሽ ይተካኛል» ብሎ ነውና። ስለዚህ ላሠለጠነበት የሚከፈለው ጭማሪና የአሠልጣኝነት ማዕረግ እንደ ወጪ ሊታይ አይገባም።

ባለሙያን ራሱ አሠልጥኖ ማደግ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1945) ሲቋቋም አብራሪዎቹና ቴክኒሻኖቹ ቲ.ደብሊው.ኤ. በተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በኩል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ድርጅቱ የራሱን ማሠልጠኛ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዲሲ-3 አውሮፕላን በአዛዥነት አበረሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከተመሠረተ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ዛሬ ማሠልጠኛው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ይቀበላል። አየር መንገድና ባለአንድ ክሬን ጋራዥ አቅማቸው አይገናኝም፤ ችግራቸው ግን አንድ ነበር፦ የሚፈልጉት ባለሙያ ገበያ ላይ አልነበረም።

ዛሬ ባለጋራዡ በር ላይ የሚመጡለት ልጆች አሉ፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጣኞቻቸውን ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች ይልካሉ። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ እንዲህ የመጡ ልጆች ወር ሙሉ ሰጋቱራ ሲጠርጉ አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ አሠሪው የግምገማ ቅጹን ለሁሉም «በጣም ጥሩ» ብሎ ፈረመላቸው። ልጆቹ ምንም አልተማሩም፤ አሠሪውም ከመካከላቸው ማን ጎበዝ እንደሆነ ሳያውቅ ሸኛቸው። ከሁለቱ ማን የበለጠ እንደከሰረ ለመናገር ይቸግረኛል።

ለትንሽ ጋራዥ የሥልጠና ክፍልና ማኑዋል አያስፈልገውም፤ ለመነሻ አንድ ተለማማጅ፣ የተፈረመ ውልና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይበቃዋል። በወረቀቱ ግራ በኩል ጋራዡ የሚሠራቸው ሥራዎች ይዘረዘራሉ፦ ዘይት መቀየር፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ እያለ እስከ ናፍጣ ፓምፑ። በቀኝ በኩል ሦስት ዓምድ ይሰመራል፦ አይቷል፣ አብሮ ሠርቷል፣ ብቻውን ሠርቷል። በየዓምዱ መካኒኩ ቀን ጽፎ ይፈርማል። የልጁ ክፍያ ሦስተኛው ዓምድ በሞላ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ይህም ውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል። ሻይ ከሻይ ቤቱ ልጅ ይታዘዛል።