ገመድ ያዦቹ፦ የሚስዮን ድርጅት ቢሮ እንዴት ይሠራል?

የሚስዮን ድርጅት ሥራ በሁለት ቦታ ይካሄዳል፤ አንዱ ሚስዮናዊው የተላከበት መስክ ሲሆን ሌላው በላኪው አገር ያለው ቢሮ ነው። ስለ መስኩ ብዙ ተጽፏል። የቢሮው ሕይወት ግን ፋይል፣ ስልክ፣ ደረሰኝና ስብሰባ ስለሆነ ተራኪ አላገኘም።

ከቀደሙት እንዲህ ዓይነት ቢሮዎች አንዱ የአንድ መጋቢ ቤት ነበር። ኦክቶበር 2 ቀን 1792 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኬተሪንግ በምትባል ከተማ ጥቂት የባፕቲስት አገልጋዮች በአንዲት መበለት ቤት ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ያን ዕለት ለመስጠት ቃል የገቡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። በተከታዩ ዓመት ሚስዮናዊው ዊልያም ኬሪ ወደ ሕንድ ሲሄድ የማኅበሩ ጸሐፊ መጋቢ አንድሩ ፉለር አገር ቤት ቀረ። ፉለር ነገሩን ማንም ገብቶ ወዳልመረመረው ጥልቅ የማዕድን ጉድጓድ ከመውረድ ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ኬሪ ይወርዳል፣ የቀሩት ከላይ ገመዱን ይይዛሉ። ራሱ ፉለር በ1815 እስኪሞት ድረስ ገመዱን አልለቀቀም። ምእመናኑን እያገለገለ ደብዳቤ ይጽፋል፣ እስከ ስኮትላንድ እየተጓዘም ገንዘብ ይሰበስባል።

በዚያ ዘመን ትልቁ ችግር የመንገዱ ርዝመት ነበር። በማርች 1812 ሕንድ ውስጥ ሴራምፖር የነበረው የሚስዮኑ ማተሚያ ቤት ሲቃጠል ወሬው እንግሊዝ የደረሰው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ሆኖም ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 10,000 ፓውንድ ገደማ ተሰበሰበ።

ዛሬ መልእክት በደቂቃ ይደርሳል፤ የሥራው ጠባይ ግን ያው ነው። በብዙዎቹ ቢሮዎች ቀኑ በጸሎት ይከፈታል። ከመስክ የመጣው የጸሎት ርዕስ ይነበባል፦ የታመመ ልጅ፣ ያልታደሰ ቪዛ፣ የተበላሸ ጄኔሬተር። ከውጭ ለሚያየው ይህ ልማድ ብቻ ሊመስል ይችላል። እንደ እውነቱ ከሆነ የሥራ ስብሰባም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምትውል የሒሳብ ሠራተኛ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው የምታውቀው እዚያ ነው።

ከጸሎቱ በኋላ ያለው ሰዓት በአብዛኛው የገንዘብ ነው። በብዙ ድርጅቶች ሚስዮናዊው ገና ሳይሄድ አብያተ ክርስቲያናትንና ወዳጆቹን እየዞረ በየወሩ የሚደግፉትን ሰዎች ያፈላልጋል። የሚሰጡት ገንዘብ በቢሮው በኩል ያልፋል፤ ቢሮውም ለአስተዳደር ወጪ የተወሰነ መቶኛ ይይዛል። ቅሬታ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። “እኔ ለእገሌ የሰጠሁት፣ ለምን ይቆረጣል?” ይላል ሰጪው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው፤ ኦዲቱ፣ የባንክ ዝውውሩ፣ የጤና መድኑና የደረሰኙ ሥራ ሁሉ ወጪ አለው። ይህን ሳይሰለቹ ደጋግሞ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በአሜሪካ ሕጉም ጠበቅ ይላል። ሰጪው ስጦታው ከግብር እንዲቀነስለት ከፈለገ በገንዘቡ ላይ የማዘዝ ሥልጣኑ የድርጅቱ መሆን አለበት። “ለእገሌ አገልግሎት ይዋል” ብሎ ፍላጎቱን መግለጽ ይችላል፤ ለሚስዮናዊው በግል የሚሰጥ ስጦታ ግን በዚህ መንገድ አይስተናገድም። ስለዚህ “ለልጃቸው የልደት ስጦታ” ተብሎ የተጻፈበት ቼክ በፖስታ ሲመጣ የደረሰኝ ክፍሉ ይቸገራል፤ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ቢላክ እንኳ ለግብር ቅናሽ የሚሆን ደረሰኝ አይቆረጥለትም። አንድ ስጦታ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ሰጪው የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ ይኖርበታል። ያለፈው ዓመት ማረጋገጫ የሚላክበት ጃንዋሪ በእነዚህ ቢሮዎች የሥራ ጫና የሚበዛበት ወር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደጋፊ በማፈላለግ መንገድ ግን ሁሉም ድርጅቶች አልሄዱም። ሀድሰን ቴይለር በ1865 የመሠረተው ቻይና ኢንላንድ ሚሽን ማንንም ገንዘብ አይለምንም፣ ቋሚ ደመወዝም ቃል አይገባም ነበር፤ ሚስዮናውያኑ የመጣውን ይከፋፈሉ ነበር።

የቢሮው ሌላው ሥራ ከሰው ጋር የተያያዘ ነው። አመልካቾች ቃለ መጠይቅና የጤና ምርመራ ያልፋሉ። ጥቂት ዓመት አገልግሎ ለዕረፍት የሚመለስ ቤተሰብ ቤት፣ መኪናና የልጆች ትምህርት ቤት ይፈለግለታል። ሐዘኑንና ድካሙን የሚሰማ ሰውም ያስፈልገዋል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ ስሕተትም ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገመዱ ይበጠሳል። በ1893 የተመሠረተው ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን፣ የዛሬው ኤስ አይ ኤም፣ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በተከታዩ ዓመት ወላይታ ላይ ሥራ ጀመረ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከያዘ በኋላ ሚስዮናውያኑ በ1937 ከወላይታ ወጡ፤ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሥራውን ያስቀጠሉት የአገሩ ምእመናን ናቸው። የላኪ ቢሮ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ምዕራፍ መዘለል የለበትም።

ያን ድርጅት ከካናዳ ቶሮንቶ ሆኖ ይመራ የነበረው ሮውላንድ ቢንግሃም ነው። በ1893 ከእሱ ጋር ወደ አፍሪካ የሄዱት ዋልተር ጎውንስና ቶማስ ኬንት በ1894 እዚያው ሞቱ። እሱ በ1900 እንደገና ቢሞክርም ወባ መለሰው፤ ከዚያ በኋላ በ1942 እስኪሞት ዋና ሥራው የቢሮ ሥራ ሆነ። በ1946 ለሚስዮናውያን ልጆች አዲስ አበባ የተከፈተው ትምህርት ቤት ቢንግሃም አካዳሚ የተባለው በእሱ ስም ነው።