ክረምት ሳይገባ የቤትና የመጋዘን ጥገና

ነጋዴ ዕቃውን ከሌባ ለመጠበቅ ጠንካራ ቁልፍ ይገዛል፤ ዘበኛም ይቀጥራል። ከዝናብ ለመጠበቅ ግን ብዙዎቻችን ሐምሌ ገብቶ ቤቱ እስኪያፈስ ድረስ አንዲት ሚስማር እንኳ አንገዛም። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በደብረ ታቦር ከተማ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህ በታች የምናገረውም ጉዳት የተመዘገበው በገዛ እጄ በምጽፈው መዝገብ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር መጋዘናችን ማፍሰስ ጀመረ። ጠብታው የሚወርደው ከአንድ ስፍራ ብቻ ስለ ነበር ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥን። አሠሪዬም «ክረምቱ ይውጣና እናስጠግነዋለን» አሉ፤ እኔም «ይሁን ጋሼ» ብዬ ዝም አልሁ። በሐምሌ አጋማሽ ባልዲው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ቀነሰ። ቀዳዳው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል ብለን ደስ አለን። ውሃው ግን መንገዱን ለውጦ፣ በማገሩ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ በተደረደረው ስኳር ላይ ከኋላ በኩል ይወርድ ኖሯል። ለቡሄ ሰሞን ገበያ ኩንታሎቹን ማንሣት ስንጀምር ከፊት ያሉት ደረቅ ነበሩ፤ ከኋላ ያሉት ዘጠኙ ግን ከፊላቸው ሟሙቶ፣ ከፊላቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ ተገኘ።

በጥቅምት አናጢ ተጠርቶ ጣራው ላይ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ቆርቆሮው ደኅና ነው፤ የሞተው የሚስማሩ ጎማ ነው» አለ።

አሠሪዬ «ስንት ሚስማር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አራት።»

ከዚህ በኋላ ማንም የተናገረ አልነበረም። እኔ ግን ማታ ሒሳቡን ስዘጋ የሚስማሩንና የአናጢውን ዋጋ ደምሬ ብመለከት የአንድ ኩንታል ስኳር ዋጋ አልሞላም።

ጎማው ስለምን ቶሎ ይሞታል ቢባል፣ ምክንያቱ የአገራችን አየር ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ለጉና ተራራ የቀረበች ደጋ ናት። በበጋ ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ሌሊት ብርዱ መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝም ስለሚሰበሰብ፣ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን ከማገሩ ጥቂት በጥቂት ይነቅለዋል። ጎማውም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣራው የሚበላሸው በበጋ ነው፤ ክረምቱ ብልሽቱን ይገልጠዋል እንጂ አያመጣውም።

በጥንት ዘመን የከተማዋ ቤቶች የሣር ክዳን ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን እንዳቃጠሏት ይታወቃል። ቆርቆሮ ከእሳት አሳረፈን፤ ነገር ግን ሣር የማያውቀውን ጣጣ ይዞ መጣ።

የሚያፈስበትን ስፍራ ለማወቅ የሚበጀው ዘዴ ይህ ነው፤ ብሩህ ፀሐይ ባለበት ቀን በቀትር ጊዜ ወደ መጋዘኑ ገብቶ በርና መስኮት መዝጋት፤ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይታያል። ወዲያው ከሥሩ ያለውን ማገር በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። ቀዳዳው ጠብታ ከሚወርድበት ስፍራ ይልቅ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጣራው ጫፍ ቀርቦ እንደሚገኝ አይረሳ።

የላላውን ሚስማር በመዶሻ መልሶ መምታት ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው። ቆርቆሮው ይጎደጉድና ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይሆናል። አሮጌውን ነቅሎ፣ በዚያው ቀዳዳ ወፈርና ረዘም ያለ የጣራ ሚስማር ከነአዲስ ጎማው መምታት ይገባል። ሚስማርም የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳው አይደለም። ካትራም መቀባት ለአንድ ክረምት ያሳልፍ ይሆናል፤ በበጋው ፀሐይ ግን ተሰነጣጥቆ ይለቃል። ጣራ ላይ የሚወጣውም ሰው ቆርቆሮው ደረቅ ሲሆን ብቻ ይውጣ፤ እግሩንም የሚስማር ረድፍ ባለበት፣ ማለት ማገር ከሥር በሚሸከምበት፣ ያሳርፍ።

የደጋው በረዶ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በረዶው ከጣራው ተንሸራቶ አሸንዳው ውስጥ ሲከመር መውረጃውን ይደፍነዋል። ኋላ የሚዘንበው ዝናብ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው አናት ወደ ቤት ይገባል። አሸንዳ ያለው ሰው በግንቦት ቅጠሉንና አፈሩን ያስጠርግ፤ በረዶ በጣለ ቁጥርም መሰላል አስደግፎ ይመልከት።

አሁን ደግሞ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ስለሚያስወጣ አንድ ነገር ልናገር። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አንዲት የዝናብ ጠብታ ሳይወርድ፣ ማለዳ መጋዘን ሲከፈት ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ይታያል። አንዳንዱ ነጋዴ ይህን አይቶ ጣራውን በሙሉ ያስቀይራል። ይህ ግን ማፍሰስ አይደለም፤ የቆርቆሮ ላብ ነው። ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ በቤቱ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር በሥሩ ጤዛ ሆኖ ይሰበሰብና ይወርዳል። መድኃኒቱ ካትራም ሳይሆን ነፋስ ነው። ከግድግዳው አናት በሁለት ትይዩ ወገን መተንፈሻ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ነው። ኮርኒስ ማሠራት የሚችል ሰው እጅግ ይጠቀማል። ሳይደርቅ የገባ እህል ባለበት መጋዘን ይህ ላብ ይብሳል፤ እርጥበቱ የሚወጣው ከእህሉ ነውና።

ከጣራው ቀጥሎ የሚጎዳው የግድግዳው እግር ነው። አብዛኛው ሱቃችንና ቤታችን የባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። እንጨቱ የሚበሰብሰው ጥልቅ በተቀበረው ጫፉ አይደለም፤ አፈርና አየር በሚገናኙበት፣ ከመሬት ጋር እኩል በሆነው ወገቡ ነው። ስለዚህ ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው እንዳይፈናጠር በቤቱ ዙሪያ ድንጋይ ማንጠፍና ከዚያ አለፍ ብሎ ቦይ መቅደድ ከማናቸውም ጥገና ይቀድማል። የተሸረሸረውን ምርጊት ለመመለስ የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ ለብዙ ቀን ቦክቶ፣ በእግር እየተረገጠ፣ አሮጌውም ግድግዳ በውሃ ከራሰ በኋላ ይመረጋል። በችኮላ የተቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የሱቁ ፊት እንዲያምር ብሎ በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚያስለስን ነጋዴ ብዙ ነው። እኔ ይህን አልመክርም። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይለጠጡም፤ አብረውም አይሰበሰቡም፤ ስለዚህ ልስኑ ከጭቃው ይላቀቃል። ከዚህ የሚከፋው ግን በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ከውስጥ ማበስበሱ ነው፤ ባለቤቱም ግድግዳው እስኪያዘነብል ድረስ የሚያምረውን ፊት እያየ ይኖራል። ለጭቃ የሚስማማው ኖራ ነው፤ እርጥበት ያስተነፍሳልና።

ስለ ግዢም ጥቂት ልበል። የብር የምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚመጣ ብረት የሚሠራ ቆርቆሮ እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በጌጅ ቁጥር የሚታለል ገዢ ዛሬም አለ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ጌጅ የባለ 28 ጌጅን ውፍረት እኩሌታ ገደማ ቢሆን ነው። በረዶ ለሚበዛበት ደጋ ስሱን ገዝቶ መቆጠብ ቁጠባ አይባልም። ቆርቆሮ የምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶችም፣ ከወረታ ሽቅብ በዝናብ የመጣውን ጭነት ሳይደርቅ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ አታቆዩ። በመካከሉ የታፈነው ውሃ የዚንኩን ሽፋን በልቶ ነጭ ዝገት ያወጣል፤ ደንበኛም ያን አይቶ አሮጌ ነው ብሎ ይመልሰዋል። በጨርቅ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ዘንበል አድርጎ ማቆም ይበቃል።

በእኛ መጋዘን ከዚያ ክረምት ወዲህ ሁለት ነገር ተለውጧል። ኩንታሎቹ በእንጨት ረብራብ ላይ ሆነው ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀው ይደረደራሉ፤ በዚያ ክፍተት ሰው ገብቶ ከኋላ በኩል ያሉትን በእጁ ይዳስሳል። በየዓመቱም ሚያዝያ ሲጋመስ የጣራውን ጥገና የማስታውሳቸው እኔ ነኝ። አሠሪዬ አሁንም መጀመሪያ የሚመልሱልኝ «ገና ነው» እያሉ ነው፤ እኔም ያን ጊዜ መዝገቡን ገልጬ የዘጠኙን ኩንታል ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። አናጢው በማግስቱ ይመጣል።