«ባዶ»፥ «አልቦ»፥ «ክፍት»
ባልተያዙ የድርድር ሥፍራዎች አሰያየም ላይ የቀረበ ማብራሪያ

«ባዶ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ጭነት ይሸከማል። «ባዶ ቤት» ሲባል ቤቱ አለ፤ የሌለው ዕቃው ወይም ነዋሪው ነው። «ባዶ ቦታ» ሲባል ግን ቤቱ ራሱ ገና አልተሠራም። ተናጋሪና ሰሚ በዐውዱ ስለሚግባቡ በዚህ የተነሣ የተጣላ ጎረቤት የለም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ዐውድን ተመልክቶ የሚፈርድ አይደለም። የፕሮግራም መማሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ድርድሩ ባዶ ሥፍራ እንዳለው መርምር» ብሎ ቢጽፍ፥ አንባቢው ከሁለቱ የትኛውን መፈለግ እንዳለበት አይለይም። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱን ለማስረዳት ምሳሌውን የሚወስደው ከራሳችን ፊደል፥ በተለይም ለጋሞና ለአካባቢው ቋንቋዎች ከተመደቡት ሆሄያት ነው።

ድርድር በፕሮግራም አጻጻፍ ውስጥ ተከታታይ ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ሥፍራዎች ስብስብ ነው። (ቃሉ የውልና የስምምነት ንግግርንም ስለሚያመለክት ቅር የሚላቸው አሉ፤ ነገር ግን «ደረደረ» ከሚለው ግሥ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ስለሆነ የተሻለ እስኪገኝ ድረስ ሊያገለግል ይችላል።) ተራ ቁጥሩ በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚጀምረው ከ1 ሳይሆን ከ0 ነው። ተርጓሚ «ሦስተኛው ሥፍራ» ሲል ተራ ቁጥሩ 2 የሆነውን ይሁን 3 የሆነውን ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

የፊደል ገበታ ከድሮም ድርድር ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የሆሄያት መለያ ሥርዓት ይህን ገበታ በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) በወጣው 3.0 እትሙ ሲቀበል፥ ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን 384 ሥፍራዎች ሰጠው። ከጥቂቶች በቀር እያንዳንዱ የሆሄ ቤተሰብ የሚይዘው ስምንት ሥፍራ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ሆሄ ቁጥር ላይ 4608 ተቀንሶ ቀሪው ለ8 ሲካፈል፥ ድርሻው ቤተሰቡን፥ ትርፉ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ደረጃ ይነግረናል። የ«ሞ» ቁጥር 4638 ነው፤ ሲቀነስ 30፥ ሲካፈል ድርሻው 3፥ ትርፉ 6 ይሆናል። ከዜሮ ለሚቆጥር ሰው ይህ አራተኛው ቤተሰብ፥ ሰባተኛው ደረጃ ነው።

ሆኖም ሁሉም ቤተሰብ ሰባቱን ደረጃ አያሟላም። ቈ፥ ቊ፥ ቋ፥ ቌ፥ ቍ አምስት ብቻ ናቸው፤ ካዕብና ሳብዕ የላቸውም። በገበታው ላይ ቈ 4680ን ሲይዝ 4681 ያለ ሆሄ ታልፎ ቊ 4682ን ይይዛል፤ 4686ና 4687ም እንዲሁ አልተያዙም። ክፍተቶቹ የተተዉት በግድየለሽነት አይደለም። አምስቱ ሆሄያት ተጠጋግተው ቢሰፍሩ ኖሮ ከላይ የታየው ስሌት በፈረሰ ነበር።

የጋሞን ሆሄያት ስንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) የወጣው የዩኒኮድ 6.0 እትም ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፥ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ 32 ተጨማሪ ሆሄያትን መዝግቧል። (ሦስቱን ስሞች አንድ ላይ መጻፍ የዚያን ጊዜ የቋንቋ አመዳደብ ውርስ ነው፤ ዛሬ ጋሞ መቀመጫው አርባ ምንጭ የሆነ፥ ጎፋም ሳውላ የሆነ ለየብቻቸው ዞኖች ናቸው።) የተሰጣቸው ክፍል ከ43776 እስከ 43823 ያሉ 48 ሥፍራዎች አሉት። ስለዚህ 16 ሥፍራዎች አልተያዙም ማለት ነው።

የእነዚህ ሥፍራዎች አቀማመጥ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮና ለባስኬቶ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች እያንዳንዳቸው ስድስት ሆሄ ብቻ አላቸው፤ የጎደለው ደግሞ ግዕዙ ነው። የእነዚህ ቋንቋዎች መሠረታውያን አናባቢዎች አምስት ስለሆኑና «አ» የሚለው ድምፅ በራብዕ ስለሚጻፍ፥ የግዕዙ ደረጃ ሥራ የለውም። ስምንተኛው ሥፍራም አልተያዘም። አራተኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሲሆን፥ የጉሙዝ ሁለት ረድፎች ግን ሰባቱንም ደረጃ አሟልተው ስምንተኛውን ብቻ ይተዋሉ። በሦስቱ ረድፎች ስድስት፥ በአራተኛው ስምንት፥ በመጨረሻዎቹ ሁለት፤ ድምሩ 16።

እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ይህን ክፍል ይመረምር ዘንድ ታዘዘ እንበል። የመጀመሪያውን ሥፍራ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ፕሮግራም 43776 ስላልተያዘ ክፍሉ በሞላ ባዶ ነው ይላል፤ የጋሞ ሆሄያትም ከቁጥር ይወጣሉ። የመጀመሪያውን ክፍተት የዝርዝሩ መጨረሻ አድርጎ የሚቆጥርም ከዚሁ ስሕተት ላይ ይወድቃል። የያዙትን ቆጥሮ ከጠቅላላው ርዝመት ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም 32ትን ከ48 ቀንሶ ክፍተት መኖሩን በትክክል ያውቃል፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቀው ከመጀመሪያው ተራ ቁጥር እስከ መጨረሻው በእያንዳንዱ ሥፍራ ቆሞ «እዚህ የተመደበ ነገር አለን?» ብሎ የሚጠይቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ድርድር በመካከሉ ያልተፈጠሩ ሥፍራዎች ሊኖሩት ይችላል። «ሁሉም ይህን ያሟላሉን?» ብሎ የሚመረምረው የቋንቋው ዝግጁ ትእዛዝ እነዚህን ሥፍራዎች ሳይጎበኝ ያልፋቸዋል። ስለዚህ «ሁሉም ተሞልተዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ ክፍተት ባለበት ድርድር ላይ «አዎን» ይላል። ያልጎበኘውን ቤት ሰው ሞልቶበታል ብሎ እንደሚመሰክር ቆጣሪ ነው። ሲ በተባለው ቋንቋ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ እሴት ሳይሰጠው የተከፈተ ጊዜያዊ ድርድር ውስጥ ያለው ቀድሞ በማስታወሻው ላይ የነበረ ትርፍራፊ ነው። ሥፍራው ባዶ መሆኑን ማሽኑ ሊነግረን አይችልም፤ ጸሐፊው አስቀድሞ የባዶነት ምልክት የሚሆን እሴት ካላኖረበት በቀር።

ጊዜም መጠቀስ አለበት። በ1992 ዓ.ም. የዋናው ክፍል ያልተያዙ ሥፍራዎች 39 ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የወጣው 4.1 እትም 11 ምልክቶች ሲጨምር 28 ሆኑ፤ በ2003 ዓ.ም. ሁለት ተጨምረው 26 ቀሩ። በ1997 ከገቡት መካከል በ4959 የሰፈረው የጥብቀት ምልክት ይገኛል፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትልቅ ነገር ነው። ያ ሥፍራ ለዘለዓለም ባዶ ነው ብሎ በ1992 የተጻፈ ፕሮግራም፥ ጥብቀትን የሚያሳይ ጽሑፍ ሲቀርብለት ምልክቱን እንደ ቆሻሻ ይጥለዋል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ቃላትን ለይቶ መጠቀም ይበጃል እንላለን። ምንም ነገር ያልተመደበበትና ገና ያልተፈጠረ ሥፍራ «ክፍት» ይባል። ሥፍራው ተፈጥሮ «እዚህ ምንም የለም» የሚል ምልክት ሆን ተብሎ ሲኖርበት «አልቦ» ይባል። «ባዶ» የሚለው ደግሞ ይዘት እንዲይዝ ለተዘጋጀና ይዘቱ ርዝመት ለሌለው፥ ለምሳሌ አንድም ሆሄ ለሌለበት ጽሑፍ ይቅር። ዜሮ ከሦስቱም ውጭ ነው፤ እርሱ ቁጥር ነው። የግዕዝ አኃዞች ለዜሮ ምልክት ስለሌላቸው «አልቦ»ን በዜሮ ቦታ የሚጽፉ አሉ፤ ይህን ማቆም ይሻላል።

የሙያችን ድርሻ የሚታየው በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ተቀምጦ የጋሞ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በኮምፒዩተር የሚያዘጋጅ ሰው፥ ከእያንዳንዱ የጋሞ ቃል አንጻር የአማርኛ ፍቺ የሚገባበት ሥፍራ አለው። ፍቺው ገና ካልተጠየቀ ሥፍራው ክፍት ነው። ሽማግሌዎች ተጠይቀው አማርኛው አቻ የለውም ከተባለ አልቦ ነው። ጸሐፊው ሊሞላ ጀምሮ የተጻፈውን ሰርዞ ከሄደ ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ሦስቱን በአንድ ስም ካቀረበለት፥ አዘጋጁ አቻ የላቸውም የተባሉትን ቃላት ደግሞ ሊጠይቅ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ይወጣል፤ ያልተጠየቁትን ግን አቻ የላቸውም ብሎ ለኅትመት ይሰጣል። በስክሪኑ ላይ ባለአራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ የሚታየው የጋሞ ሆሄ ደግሞ ከሦስቱም አይደለም፤ ሆሄው ሥፍራውን ይዟል፥ የጎደለው የፊደሉ ቅርጽ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ነው። እርሱን «የጠፋ ሆሄ» ብሎ ከጽሑፉ መሰረዝ በ43777 የሰፈረውን ሆሄ በገዛ እጅ ክፍት ማድረግ ነው።