የብርድ ዋጋ

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፥ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ፥ ቁልቁለቱን ተከትሎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ ከደጋው ቁር ወጥቶ በይፋት ቆላ ሐሩር መካከል ራሱን ያገኘዋል። ይህ ሐሩር ለማሽላና ለሽንኩርት እንደሚመች ሁሉ ለወባም ይመቻል፤ ስለዚህም መድኃኒት የተላመደ ተሕዋስ መኖር አለመኖሩን የሚመረምሩ ሊቃውንት የቆላውን ሕመምተኛ ደም አጥብቀው ይሻሉ።

ናሙና ግን ተመርምሮ ወዲያው የሚጣል አይደለም፤ ነገ ለሚነሣ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ለዓመታት ይቀመጣል። በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች የተለመደው ማኖሪያ ከዜሮ በታች እስከ 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ሲሆን፥ አሮጌው ዐይነት በቀን እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይኸውም ከአንድ ተራ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የቀን ፍጆታ ብዙ እጥፍ ነው። ከውስጡ ያወጣውንም ሙቀት ወደ ክፍሉ ስለሚተፋ፥ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃት አገር ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ሌላ መብራት ይቃጠላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም፥ መብራት በጠፋ ቍጥር ናሙናው እንዳይቀልጥ ጄኔሬተሩ ናፍጣ እያጨሰ ይነሣል።

ቆላውም ደጋውም ሥጋን ቋንጣ አድርጎ ያለ ብርድ እንደሚያቆየው፥ ደምም ደርቆ ሊቆይ ይችላል። ሮበርት ጋትሪ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የሕፃናትን ደም በወረቀት አድርቆ መመርመርን አስተማረ፤ በአገራችንም ኤች አይ ቪ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በዚሁ መንገድ ሲመረመሩ ኖረዋል። ባለሙያው ጣትን ወይም ተረከዝን ወግቶ የመጀመሪያዪቱን ጠብታ ይጠርጋል፤ ተከታዮቹን በወፍራሙ ወረቀት ክቦች ላይ ያሳርፋል፤ ከፀሐይ፥ ከአቧራና ከዝንብ ጠብቆ ቢያንስ አራት ሰዓት ካደረቀ በኋላ፥ መለያ ቍጥር የተጻፈበትን ወረቀት እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በላስቲክ ያሽጋል። እንዲህ የታሸገ ናሙና በረዶ ሳያሻው እንደ ደብዳቤ ይጓዛል፤ የተሕዋሱም ዘረመል ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ለዓመታት ሊነበብ ይችላል።

ሁሉን በወረቀት እናኑር ማለት ግን ስሕተት ነው። ሕያው ሆኖ እንዲራባ የሚፈለግ ተሕዋስ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የደረሰ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያሻዋል፤ ወረቀቱም እርጥበት ካገኘው ይበላሻል። ፍሪዘር የግድ በሚሆንበት ስፍራም ብርዱን ከ80 ወደ 70 ማለዘብ ከኃይሉ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ያድናል።

እንግዲህ አዲስ ፍሪዘር ለመግዛት የሚነሣ ተቋም አስቀድሞ መዝገቡን ገልጦ ያለውን ይቍጠር፤ ባለቤትና ዓላማ የሌለውን ናሙና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስወግድ፤ በወረቀት ሊኖር የሚችለውን በወረቀት ያኑር፤ ብርዱንም ያለ ብርድ ለማይቆየው ብቻ ያውለው።