ስለ ሆስፒታል ተራና ስለ ወጪው

በማለዳ በሆስፒታል ደጅ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ሳያይ አይቀርም። ካርድ ክፍሉ የሚከፈተው ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ ሕመምተኛው ግን ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ጀምሮ ጋቢውን ተከናንቦ በአጥሩ ሥር ይሰለፋል፤ እናት ልጅዋን አዝላ፣ ሽማግሌውም ከዘራውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ሕመሙ ይብስበታል፤ አስታማሚውም የዕለት ሥራው ይቀርበታል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው «ሐኪሞቹ ሰነፎች ናቸው» ወይም «መንግሥት ሐኪም ይጨምር» ብሎ ይናገራል። ምሬቱ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱና መድኃኒቱ ግን ረጋ ተብሎ መመርመር ይገባዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማም ይህንኑ ለአንባብያን መግለጥ ነው።

ማናቸውም ሆስፒታል ሁለት ዓይነት ዕዳ አለበት። አንደኛው ዕዳ ሕመምተኛው የሚከፍለው ነው፤ ይኸውም በመጠበቅ የሚጠፋው ጊዜ፣ የሚቀረው የቀን ገቢ፣ የሚባባሰው ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም የሚያልፈው ሕይወት ነው። ሁለተኛው ዕዳ ከሆስፒታሉ ሣጥን የሚወጣው ነው፤ ሐኪምና ነርስ ሥራ አጥተው ቢቀመጡም ደመወዛቸው ይከፈላል፤ አልጋም ባዶውን ቢያድር አንሶላው፣ ጽዳቱና ዘበኛው ወጪ ይጠይቃል። አንደኛውን ዕዳ ለመቀነስ ሲባል ሠራተኛና አልጋ ቢበዛ ሁለተኛው ይጨምራል፤ ሁለተኛውን ለመቀነስ ሲባል ሁሉ ነገር ቢጠብ ደግሞ አንደኛው ይጨምራል። የሆስፒታል አስተዳደር ጥበብ ማለት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ልክ የሆነውን ስፍራ ማግኘት ነው።

ይህን ነገር በሒሳብ መመርመር ከጀመሩት ሰዎች መካከል የመጀመሪያው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ነው። ኤርላንግ በኮፐንሃገን የቴሌፎን ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ደዋዮች ብዙ ሳይጠብቁ ኩባንያውም ብዙ ሳይከስር ምን ያህል የቴሌፎን መሥመር እንደሚበቃ ለማወቅ ተመራመረ፤ የመጀመሪያውንም ጽሑፉን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. አሳተመ። ስለ ቴሌፎን የተገኘው ሒሳብ ስለ ሕመምተኛም ያገለግላል፤ ሁለቱም መቼ እንደሚመጡ አስቀድሞ አይታወቅምና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሐኪም እያንዳንዱን ሕመምተኛ በአማካይ በ10 ደቂቃ ይመረምራል እንበል። ሕመምተኞች በየ12 ደቂቃው ልክ አንድ አንድ እየሆኑ ቢመጡና የሁሉም ምርመራ ልክ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ማንም ሰው ተራ ባልጠበቀ ነበር። በእውነተኛው ዓለም ግን አንዳንዴ ሰባት ሰው ባንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንዴም ለረጅም ጊዜ የሚመጣ ይጠፋል፤ ጉንፋን የያዘው በ3 ደቂቃ ይሸኛል፣ ደረቱን የሚያመው ግን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሐኪሙ ሰው አጥቶ የተቀመጠበት ጊዜ እንደ እህል በጎተራ አይጠራቀምም፤ የተጠራቀመው ሰልፍ ግን ሳይቃለል ወደሚቀጥለው ሰዓት ይተላለፋል።

እንዲህ ባለው ሁኔታ፣ ሰው ያለ ቀጠሮ እንደ አጋጣሚ ሲመጣና የምርመራውም ጊዜ በጣም ሲለያይ፣ የኤርላንግ ሒሳብ የሚያስገኘው ውጤት እነሆ። ሐኪሙ ከሥራ ሰዓቱ 50 በመቶውን ብቻ ሥራ ቢይዝ ሕመምተኛው በአማካይ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። 80 በመቶውን ቢይዝ 40 ደቂቃ፣ 90 በመቶውን ቢይዝ 90 ደቂቃ፣ 95 በመቶውን ቢይዝ ግን 190 ደቂቃ፣ ማለት ከ3 ሰዓት በላይ ይጠብቃል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ይሏል፤ ከ50 ወደ 95 በመቶ ሲደረስ የሐኪሙ ሥራ እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ የሕመምተኛው ጥበቃ ግን 19 እጥፍ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ሐኪም ለጥቂት ጊዜ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ያየ ሰው ገንዘብ ባከነ ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባውም፤ ያ ባዶ ጊዜ ድንገት ለሚመጣው የተቀመጠ መጠባበቂያ ነውና። በተለይ በድንገተኛ ክፍልና በማዋለጃ ክፍል ይህ መጠባበቂያ የግድ ያስፈልጋል፤ ደም የሚፈሳት ወላድ ተራ ልትጠብቅ አትችልም። ሁለተኛ፣ ጥበቃን ፈጽሞ ለማጥፋት መሞከር ከፍ ያለ ገንዘብ ያስወጣል፤ በዚያ ገንዘብ ክትባትና ንጹሕ ውሃ ሊቀርብ ይችል ነበር። ሊዘገይ የሚችለው ሕመም ጥቂት ይዘግይ፤ ሊዘገይ የማይችለው ግን አንዲት ደቂቃም አይዘግይ።

አሁን ደግሞ ብዙ ገንዘብ ሳይጨመር ተራን የሚያሳጥሩትን መንገዶች እንመልከት።

፩ኛ፤ ሰልፉን አንድ ማድረግ። ሁለት ሐኪሞች በሁለት ክፍል እየሠሩ በየበራቸው ልዩ ልዩ ሰልፍ ቢኖር፣ አንዱ ጋ ሰው ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ይችላል። ከላይ እንደ ተነገረው እያንዳንዱ 80 በመቶ ሥራ የያዘ ከሆነ ሕመምተኛው 40 ደቂቃ ይጠብቃል። ሰልፉ አንድ ሆኖ የፊተኛው ሰው ክፍት ወደ ሆነው ሐኪም ቢገባ ግን ጥበቃው ወደ 18 ደቂቃ ይወርዳል። አንድም ሐኪም አልተጨመረም፤ አንድም ብር አልወጣም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይህን ይመስላል።

፪ኛ፤ ቀጠሮን ማከፋፈል። ሁሉም ሰው ጠዋት በ2 ሰዓት እንዲመጣ ቢታዘዝ የመጨረሻው ሰው እስከ ቀትር መጠበቁ የማይቀር ነው። ኖርማን ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ይህን መርምሮ ቀላል ደንብ አቀረበ፤ በመክፈቻው ሰዓት ሁለት ሰው ይቀጠር፣ ከዚያ በኋላ በአማካዩ የምርመራ ጊዜ ልክ አንድ አንድ ሰው ይጨመር። በእኛ ምሳሌ በ2 ሰዓት ሁለት ሰው፣ በ2 ሰዓት ከ10 አንድ ሰው፣ በ2 ሰዓት ከ20 አንድ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ሐኪሙ ሥራ እንዳይፈታ ይጠብቃል፤ የቀሩት ደግሞ በየሰዓታቸው ስለሚመጡ አይከማቹም። ነገር ግን ይህ ደንብ የሚጠቅመው ሐኪሙም ሕመምተኛውም ሰዓት ሲያከብሩ ብቻ ነው።

፫ኛ፤ በሽተኛን እንደ ሕመሙ ክብደት መለየት። ይህ ልማድ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ያስፋፋው ነው፤ ላሬ ቁስለኛን በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ያክም ነበር። ዛሬም በበር ላይ የሠለጠነ ነርስ ቆሞ ትንፋሽ ያጠረውን፣ ራሱን የሳተውንና ደም የሚፈሰውን አስቀድሞ ማስገባት ይገባዋል። በዚያው ጊዜ ብዙ ቀን ያሳለውን ሰው ከሌላው ሕዝብ ለይቶ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የሳምባ ነቀርሳ ሰው በታፈነበት አዳራሽ በቀላሉ ይተላለፋልና። ስለዚህ የመጠበቂያ አዳራሽ መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ረጅም ተራ ራሱ የንጽሕና ጠላት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

፬ኛ፤ አልጋን ሳይዘገይ መልቀቅ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በሒሳብ ያረጋገጠው ደንብ አለ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች ቁጥር በቀን የሚገቡት ሰዎች ቁጥር በሚቆዩበት ቀን ሲባዛ ይገኛል። 40 አልጋ ያለው ክፍል እያንዳንዱ ሕመምተኛ 8 ቀን ቢተኛበት በ28 ቀን 140 ሰው ያስተናግዳል። ቆይታው ወደ 7 ቀን ቢያጥር 160 ሰው ያስተናግዳል። አንድም አልጋ ሳይገዛ 20 ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ሲባል ያልዳነ ሰው ይውጣ ማለት አይደለም፤ የላቦራቶሪ ውጤት ስለ ዘገየ፣ መውጫ ወረቀቱን የሚፈርም ሰው በቅዳሜና በእሑድ ስላልተገኘ፣ ወይም ዘመድ መጥቶ ስላልወሰደው ድኖ የሚተኛው ሰው አይተኛ ማለት ነው።

፭ኛ፤ የጠበበውን ስፍራ አውቆ ማስፋት። ውሃ በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው በጠባቡ ስፍራ ልክ ነው። ሰልፉ የተፈጠረው በራጅ ክፍል ከሆነ ሐኪም መጨመር ሰልፉን ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ማዛወር ብቻ ይሆናል። እንደዚሁም ርካሽ የሆነ የላቦራቶሪ መድኃኒት ስላለቀ ብዙ ደመወዝ የሚከፈለው ቀዶ ጠጋኝ ሥራ ቢፈታ፣ ቁጠባ የተባለው ነገር ኪሣራ ሆነ። አስተዳዳሪው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሰው የት የት፣ ስንት ስንት ደቂቃ እንደሚቆም በሰዓት ይመዝግብ፤ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና።

፮ኛ፤ የሕክምናን ደረጃ መጠበቅ። የአገራችን የጤና አገልግሎት በሦስት ደረጃ የተመደበ ነው። በእቅዱ መሠረት በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ያለው አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የታሰበ ነው። በጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችል ሰው ሁሉ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ቢጎርፍ፣ እርሱም ብዙ ይጠብቃል፤ ከሩቅ አገር ተልኮ የመጣው ከባድ ሕመምተኛም ስፍራ ያጣል።

እንግዲህ ከአስተዳዳሪው ሌላ የእኛም ድርሻ አለ። መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁና ለወላጆቻቸው እነዚህን ነገሮች አስረዱ፤ ሕመም ሲጀምር አስቀድሞ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ቀጠሮ ሲሰጣቸው በቀኑና በሰዓቱ ይገኙ፤ መቅረት ግድ ከሆነባቸው ለሌላ ሰው እንዲሰጥ አስቀድመው ያስታውቁ፤ የሕክምና ካርዳቸውን በቤት ጠብቀው ይያዙ፤ የዳነ ዘመዳቸውን በተባለው ቀን ከአልጋ ያንሡ፤ ከፊታቸው ትንፋሹ ያጠረው ሕፃን ሲገባ «ተራዬን ተነጠቅሁ» ብለው አይቆጡ።

በሰልፍ ውስጥ የቆመው እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚያስበው ስለ አንድ ተራ ብቻ ነው። ነገር ግን ሳንመጣ የቀረንበት ቀጠሮ የአንድ እናት የሐኪም ሰዓት ነበረ፤ ያለ ምክንያት አንድ ቀን የተኛንበት አልጋም በደጅ የቀረው ሰው አልጋ ነበረ። ይህን የተረዳ ሕዝብ ያለው ከተማ፣ ሆስፒታሉ ትንሽ ቢሆንም ለብዙ ሰው ይበቃዋል።